ቤተኛ ለመሆን ዋጋው ስንት ነው?

አድናቂዎች የሚሰበሰቡበትን ጉባኤ፣ ማለትም ኮንቬንሽን የሚባለውን ነገር፣ በፊልም ማየት ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው «ጋላክሲ ክዌስት»ን ነው። ዲን ፓሪሶት ዳይሬክት ያደረገው፣ በ1999 መጨረሻ ላይ የወጣ ኮሜዲ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የተቋረጠ የጠፈር ድራማ ተዋናዮች ሌላ ሥራ አጥተው፣ የድሮ ልብሳቸውን እየለበሱ በአድናቂዎች ጉባኤ ላይ ፊርማ በመፈረም ይኖራሉ። አንድ ቀን ድራማውን እውነተኛ ታሪክ ነው ብለው ያመኑ የሌላ ዓለም ፍጡራን ይመጡና «ከጠላት አድኑን» ይሏቸዋል። የጠፈር መርከቧንም በድራማው ልክ ሠርተው ጨርሰዋታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳቅ ራሳችሁ እዩት።

እኔን የሚይዘኝ ከሳቁ ሥር ያለው ጥያቄ ነው፦ አዳራሹ የማን ነው? ማን እንግዳ ነው፣ ማንስ ቤተኛ? ፊልሙ ለዚህ መልስ አለው። እንደኔ እንደኔ የመልሱ ግማሽ ትክክል ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ሰው ውጭ ያስቀራል።

ከትክክለኛው ግማሽ ልጀምር። ፍጡራኑ ሰው መስለው አዳራሹ ውስጥ ይገባሉ። አረማመዳቸው ግራ ያጋባል፣ ንግግራቸው እንደ ዜማ ይጎተታል፣ ፈገግታቸው ከፊታቸው አይወርድም። ማንም ግን ዞር ብሎ አያያቸውም። ያው፣ ዙሪያቸውን ያለው ሰው ራሱ ፊቱን ቀብቶ፣ የፕላስቲክ መሣሪያ ታጥቆ ነው የመጣው። ሁሉም ሌላ ነገር መስሎ በመጣበት ቦታ «አንተ ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ጉልበት ያጣል። ሰፈር ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ «ለየት ያለ» ሲባል የኖረ ልጅ እዚያ ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ ሰው ይሆናል። ተራ መሆን ደግሞ፣ ሆኖት ለማያውቅ ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው። ሰዎች ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ብለው ገንዘብ አጠራቅመው አገር አቋርጠው የሚሄዱት ለፊርማው ብቻ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ። በፊልሙ ውስጥ ከውጭ የሚመጡ ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛው ጋይ ነው፤ በድራማው አንድ ክፍል ላይ ብቻ ወጥቶ፣ የመጀመሪያው ማስታወቂያ እንኳን ሳይደርስ የሞተ ተዋናይ። ገጸ ባሕርይው የአባት ስም አልነበረውም። ጠፈር ላይ ሲወጡም የሚያስጨንቀው ይኸው ነው፦ የአባት ስም የሌለው ሰው መጀመሪያ ይሞታል። ሁለተኛው ብራንደን ነው፤ የመርከቧን እያንዳንዱን ቧንቧና በር በቃሉ የሚያውቅ ጎረምሳ አድናቂ። ሦስተኛዋ ላሊያሪ ናት፤ ከፍጡራኑ አንዷ፣ ከተዋናዮቹ ከአንዱ ጋር በፍቅር የምትወድቅ።

ሦስቱም መጨረሻ ላይ ይገባሉ። ደስ ይላል። ግን በምን እንደገቡ እዩ። ጋይ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ነው። ብራንደን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ስለ መርከቧ ጥያቄ ሲጠይቅ ካፒቴኑ ጮሆበታል፣ በሰው ፊት አዋርዶታል። በኋላ ያው ካፒቴን መርከቧ ውስጥ መንገድ ጠፍቶት ሲጨነቅ ነው ብራንደንን የሚፈልገው። ልጁም ከመኝታ ክፍሉ ሆኖ ይመራዋል፣ ዓለምም ትድናለች።

ይህ ተረት ለኛ ለቴክኖሎጂ ልጆች በጣም ይጥመናል። ሶፍትዌር በሚሠራበት ቢሮ ሁሉ «ዝም በሉት፣ ሰርቨሩ የወደቀ ቀን ትፈልጉታላችሁ» እየተባለ የሚከበር ሰው አለ። እሺ፣ ሰርቨሩ ባይወድቅስ? ብራንደን የመርከቧን ካርታ የማያውቅ፣ ድራማውን ዝም ብሎ የሚወድ፣ የክፍሎቹን ቁጥር እንኳን የማያስታውስ ልጅ ቢሆን ኖሮ ያ ስድብ ይገባው ነበር?

ፊልሙ እዚህ ጥያቄ ላይ አይደርስም። በእውነተኛው አዳራሽ ግን ጥያቄው ሁሌም አለ። የምትወደውን ጀግና ልብስ ለብሳ የመጣችን ሴት አስቁሞ «እስቲ፣ ይሄ ጀግና መጀመሪያ የወጣው በስንተኛው እትም ነው?» የሚል ወንድ አይጠፋም። አጠገቧ የቆመው ወንድ ጓደኛዋ ያንን ፈተና አይፈተንም። ዕውቀት የመግቢያ ትኬት ሲሆን፣ ትኬት ቆራጩ ማንን እንደሚያስቆም ራሱ ይመርጣል።

ደግሞስ ዕውቀት በእርግጥ በር ይከፍታል? የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብወለድ ጉባኤ፣ ዛሬ ወርልድኮን የሚባለው፣ በጁላይ 1939 ኒውዮርክ ላይ ሲከፈት ወደ 200 ሰው ተሰብስቦ ነበር። አዘጋጆቹ ፊውቸሪያንስ ከሚባል የአድናቂዎች ቡድን ስድስት ወጣቶችን ከበር መለሱ። በፖለቲካ ይረብሹናል ብለው ፈርተው ነው። ፍርሃቱን ያባባሰው አንድ የተቃውሞ በራሪ ወረቀት ነበር። የሚገርመው፣ ወረቀቱን የጻፈው ዴቪድ ካይል ከተመለሱት ውስጥ የለም፤ እሱ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ከዚያው ቡድን አይዛክ አሲሞቭም ገብቷል።

ውጭ ከቀሩት መካከል ፍሬድሪክ ፖል፣ ሲሪል ኮርንብሉት እና ዶናልድ ዎልሃይም ነበሩ። ፖል ከዘርፉ ታላላቅ ደራሲያንና አርታኢዎች አንዱ ሆነ። ዎልሃይም በ1971 ዳው ቡክስ የተባለውን አሳታሚ ድርጅት መሠረተ። መስፈርቱ ዕውቀትና ፍቅር ቢሆን ኖሮ ቀድመው መግባት የነበረባቸው እነዚህ ልጆች ናቸው። በሩን የያዘው ሰው ሲፈራህ ግን የምታውቀው ነገር አያስገባህም።

በዚያው ጉባኤ ላይ ሌላም ነገር ሆኗል። ሜርትል ዳግላስ የምትባል አድናቂ ለራሷና ለጓደኛዋ ለፎረስት አከርማን የመጪውን ዘመን ልብስ ሰፍታ፣ ሁለቱ ለብሰውት መጡ። ዛሬ ኮስፕሌይ የምንለው ነገር ታሪኩ ሲነገር ከዚያ ልብስ ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ ግን አብሮ የሚነሳው የለባሹ ስም እንጂ የሰፊዋ አልነበረም። ከ75 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ የኮሚክ ኮን አዘጋጆች «ኮስፕሌይ ለብሳለች ማለት ፈቅዳለች ማለት አይደለም» የሚል መልእክት ያለው ትልቅ ማስታወቂያ አቆሙ። ሳያስፈቅዱ መንካትም ፎቶ ማንሳትም እንደማይቻል ለማስታወስ ነው። ልብሱን የሰፋችው ሴት ናት፤ ለብሳው በሰላም ለመራመድ ግን ማስታወቂያ አስፈለጋት።

ለዚህ ሁሉ ሌላ ዓይነት መልስ የሞከረ ጉባኤ ጃፓን ውስጥ አለ። በ1975 አንድ የማንጋ ጉባኤ፣ የተቸውን ሰው እንዳይገባ ከለከለ። ይህን የተቃወመ አንድ የማንጋ ሐያሲያን ቡድን በዚያው ዓመት፣ በዲሴምበር 21፣ ቶኪዮ ላይ የራሱን ጉባኤ ከፈተ። ኮሚኬት ይባላል። በራሳቸው ወጪ ያሳተሙትን ሥራ ይዘው የመጡት 32 ቡድኖች ነበሩ፣ የተገኘው ሰው ደግሞ ወደ 700። በ2019 መጨረሻ ላይ በተካሄደው ኮሚኬት የአራቱ ቀን ጎብኚ ሲደመር ከ700,000 በላይ ነበር።

የኮሚኬት መርህ ቀላል ነው፦ እዚህ ደንበኛ የሚባል የለም። ሻጩም፣ ገዢውም፣ በነጻ የሚያገለግለው አስተናባሪም፣ ሁሉም «ተሳታፊ» ነው። የስም ለውጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደንበኛ ሰልፉ ሲረዝምበት ይቆጣል። ተሳታፊ ግን ሰልፉም የራሱ ነው፣ ሲያልቅ ጠረጴዛና ወንበር ማንሳቱም የራሱ ነው። ልብሱን ከቤቱ ለብሶ አይመጣም፤ እዚያ ደርሶ ይቀይራል፣ ምክንያቱም የጉባኤው ስም በእሱም እጅ ነው። ኮሚኬት ገነት ነው አልልም። ሕጉ ብዙ ነው፣ የኦገስቱ ሙቀት አይጣል ነው፣ ለረጅም ሰዓት መቆም ለማይችል ሰው ደግሞ «ተሳታፊ ነህ» የሚለው ቃል ብቻውን ወንበር አይሆንም።

ልዩነቱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በ«ጋላክሲ ክዌስት» መጀመሪያ ትጠቅማለህ፣ ከዚያ ትገባለህ። በኮሚኬት መጀመሪያ ትገባለህ፣ ስለገባህም ትጠቅማለህ። ይህ ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። ለቅሶ ቤት ደጅ ላይ ቆሞ «ሟቹን ምን ያህል ታውቀዋለህ?» ብሎ የሚፈትን የለም። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁልሃል። ድንኳኑ ሲነቀል ግን እጅህ ይፈለጋል፣ አንተም እንግዳ ነኝ ብለህ ቁጭ አትልም።

እኛ ፕሮግራመሮች «ዲፎልት» የምንለው አለ፦ ማንም ምንም ሳይመርጥ ሲስተሙ በራሱ የሚይዘው ነገር። ሁሉንም አቃፊ ነኝ የሚል ጉባኤ ሳይ የማየው ዲፎልቱን ነው። ገና ምንም ያላስመሰከረ ሰው በሩ ላይ ሲመጣ ምን ተብሎ ይቆጠራል? ያልተፈተነ እንግዳ ወይስ ሥራ ያልደረሰው ቤተኛ?

በሩ ክፍት ይሁን ማለት ማንም አይውጣ ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ሌላውን የሚያስቸግር ሰው ካልወጣ፣ የተቸገረው ዝም ብሎ ይወጣል፤ ያኔም ማን እንደቀረ የሚቆጥር አይኖርም። ግን ሰውን በሠራው ማስወጣትና «ይሠራው ይሆናል» ብሎ መመለስ ይለያያሉ። በ1939 የተደረገው ሁለተኛው ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስና ላብቃ። መጨረሻ ላይ ድራማው እንደገና ይጀመራል፣ የተዋናዮቹም ስም በተራ ይወጣል። ጋይ አሁን የአባት ስም ያለው የጥበቃ አዛዥ ሆኗል። ላሊያሪም አለች። የራሷ ስም ግን የገጸ ባሕርይዋ ስም ተደርጎ፣ በተዋናይነት የተጻፈችው «ጄን ዶ» ተብላ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስሟ ላልታወቀ ሴት የሚሰጠው ስም። ቀልድ ነው፣ ያስቃልም። ከሁሉም ርቃ የመጣችው ግን እሷ ናት፤ ያቺን መርከብ የሠሩትም ወገኖቿ ናቸው። ጋይ የአባት ስም ባገኘበት ዝርዝር ላይ እሷ የራሷንም አጣች። ገብታለች፣ እሱስ እውነት ነው። ቤተኛ መሆኗን ግን እጠራጠራለሁ።