ስሙ ወይስ ሥዕሉ?

የዘመኑን ሥዕልና የሥዕል ኅትመት የሚሰበስብ ሰው የሚገዛው ሥዕሉን ነው ወይስ የሠዓሊውን ስም? አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1992 በየጉዞው የነደፋቸው ምስሎች ቀለም ተቀብተው በ2007 በጀርመን፥ በኬምኒትስ ከተማ ለሕዝብ ታዩ፤ ቁጥራቸው የተወሰነ ኅትመቶችም ፊርማው ሰፍሮባቸው ተሸጡ። ከእነዚህ አንዱ፥ «የባቡር ሐዲድ» የተሰኘው ንድፍ፥ በልዩ ልዩ ቀለም ተደጋግሟል። ወደ አድማስ የሚሸሸው ሐዲድ የመንገደኛን ብቸኝነት በሚገባ ይገልጻል፤ የቀለሙ መለዋወጥ ግን አዲስ ሐሳብ አይጨምርለትም።

በ2022 ዲላን ከ2019 ወዲህ አንዳንድ ኅትመቶችን የፈረመው በእጁ ሳይሆን በመሣሪያ መሆኑን ገልጦ ስሕተቱን አመነ። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ አንዲት መስመር አልተለወጠችም፤ የስም ሰብሳቢው ኩራት ግን ከንቱ ሆነ። ስለዚህ ሰብሳቢ አስቀድሞ ፊርማውን በእጁ ጋርዶ ሥዕሉን ሊመረምር ይገባዋል።