ፉከራው ካበቃ በኋላ

ዘፋኞቻችን ለሯጭ የሚያዜሙት መቼ ነው? ሲያሸንፍ ነው። ሜዳልያው ካንገቱ ሲገባ ከበሮ ይመታል፤ ‹‹አንበሳው!›› ይባላል፤ ሕዝቡም ለአቀባበል ቦሌ ይወጣል። ጉልበቱ ሲከዳው ግን ዘፈኑም አብሮ ይከዳዋል። ይህን ጸሐፊ ቅር የሚለው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው አልበም ውስጥ ‹‹ግሎሪ ዴይስ›› የሚል ዘፈን አለው፤ ‹‹የክብር ዘመን›› ብንለው ያስኬዳል። ባለታሪኩ በተማሪነቱ በቤዝቦል ኳስ ውርወራ ስም የነበረው ሰው ነው። ዘፋኙ መጠጥ ቤት በር ላይ ያገኘዋል፤ ገብተው ይጠጣሉ፤ ሰውየው ካለፈው ክብሩ በስተቀር ሌላ ወሬ የለውም። ዜማው ያስጨፍራል፤ ግጥሙ ያሳዝናል። ዘፈኑን ከፌዝ ያዳነው ግን ፍጻሜው ነው፤ ዘፋኙ ጣቱን ወደ ራሱ ይመልስና እሱም ሲያረጅ ከዚህ ዕጣ እንደማያመልጥ ያምናል።

የእኛ ታሪክ ከዚህ እጅግ ይከብዳል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደገመው። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን አቋርጦ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ሲያርፍ ገና 41 ዓመቱ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ያጠለቀው ‹‹ማርሽ ቀያሪው›› ምሩፅ ይፍጠርም በ2009 ዓ.ም. ያረፈው ከአገሩ ርቆ ካናዳ ውስጥ ነው። ለመሆኑ ስለ አበበ ስናዜም ስንቶቻችን ከሮማ አልፈን ተሽከርካሪ ወንበሩ ዘንድ እንደርሳለን?

‹‹ይህ ጀግናን ማዋረድ ነው›› የሚል አይጠፋም። የሚያዋርደውስ መርሳት ነው። ቅኝት አጥተንም አይደለም፤ የወሎ ምድር አምባሰልንና ባቲን ከነስማቸው ሰጥቶናል። ትዝታም አለን። ትዝታን ግን ለፍቅርና ለአገር ናፍቆት ሰጥተን፣ ለሯጭ ፉከራን ብቻ መደብንለት። ፉከራ ደግሞ የድል ማግሥት ላይ ቃል ያጥረዋል።

ላስታ ወርዶ ይምርሐነ ክርስቶስን የተሳለመ ሰው የምለው ይገባዋል። በዋሻው ውስጥ በእንጨትና በነጭ ልስን ድንጋይ ንብብር የታነጸው ቤተ ክርስቲያን ያስደምማል፤ ከበስተኋላው፣ በዚያው በአንድ ዋሻ ጣራ ሥር፣ የብዙ ሰው አጽም ይታያል። ተሳልመው እዚያው የቀሩ ናቸው ይባላል። ውበቱ እንዳይጎድፍ ብሎ አጽሙን የሸሸገ የለም። ጥሩ የሯጭ ዘፈንም እንዲሁ ድሉንና ድካሙን ባንድ ዋሻ ማሳደር አለበት።

እንግዲህ ገጣሚዎቻችን ሆይ! ለሚቀጥለው ዘፈን ቦሌ አትውጡ፤ ጡረታ የወጣውን ሯጭ ከቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት። በድል ቀንማ ማን ዘመድ ያልሆነ አለ?