የማን ጥያቄ ተፈተነ? ስለ ሴቶች ጤና ዕፅዋት ምርምር የቀረበ ሒስ

የአገራችን ዕፅዋት ለሴቶች የመራቢያ ጤና ያላቸውን ጥቅምና ጉዳት በቤተ ሙከራ መመርመር ከተጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥናቶቹን ውጤት መዘርዘር ሳይሆን የተነሡበትን ጥያቄ መመርመር ነው። ማንኛውም ፈተና የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነውና፣ ጥያቄው ባለጉዳይዋን ከዘነጋ መልሱ ትክክል ቢሆንም ለእርሷ አይደርሳትም። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንዶድ እንጀምር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ማየታቸውና ከዚያም የቢልሃርዝያ መከላከያ ምርምር መወለዱ በአንባቢ ዘንድ የታወቀ ነው። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነበር። እንዶድ ግን የልብስ ማጠቢያ ብቻ አልነበረም። ፅንስ ለማስወረድ እንደሚጠጣም በልዩ ልዩ የዕፅዋት ጥናቶች ተመዝግቧል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ባልደረቦች የእንዶድ ፍሬ ጭማቂ የወንድን ዘር እንደሚገድል፣ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይም ፅንስ በማኅፀን እንዳይተከል እንደሚያደርግ አሳተሙ። ከዚህ ምርምር ሴቶች የሚጠቀሙበት መድኃኒት አልወጣም። በአንጻሩ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በእንዶድ ላይ ፓተንት አስመዘገበ። የተመዘገበውም የታላላቆቹን ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎል ለበስ ለማጥፋት ነው። የቧንቧው ባለቤት ጥያቄ ጠያቂ አገኘ፤ እንዶድ የምትጠጣው ሴት፣ ስንት ቢሆን እንደሚገድላት፣ ኩላሊቷንና ጉበቷን ምን እንደሚያደርገው፣ ጠያቂ አላገኘችም።

ይህ የእንዶድ ዕጣ ብቻ አይደለም። በ1994 ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ መድኃኒቶች በተከታታይ ከወጡት ጥናቶች ሦስተኛው ክፍል የ70 ዕፅዋትን ፅንስ የመከላከል ኃይል ፈትኖ አቀረበ። በ2005 ደግሞ በአዲስ አበባ የተሠራ ጥናት የቱልት ሥር ጭማቂ የሴት አይጦችን የመራቢያ ዑደት እንደሚያራዝምና የግልገሎቻቸውን ቁጥር እንደሚቀንስ አሳየ። እነዚህ በጥቂት ገንዘብና በብዙ ትዕግሥት የተሠሩ የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ተክሉ መውለድን ያግዳል ወይስ አያግድም?

ጥያቄው ከየት መጣ? በ1970ዎቹ የዓለም መንግሥታትና ለጋሾች ዋና ጭንቀት የሕዝብ ብዛት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዘመን ፅንስ የሚከላከሉ ዕፅዋትን የሚያፈላልግ ቡድን አቋቁሞ ነበር። የእኛ ተመራማሪዎች የሠሩት ይህ ጥያቄ ዓለም አቀፍ በሆነበት ዓየር ውስጥ ነው። ጥያቄው ሐሰተኛ ነው አንልም፤ መውለድን ማዘግየት የምትሻ ሴት በአገራችን ሞልታለች። ነገር ግን ሴቶች ከዕፅዋት የሚሹት ይህን ብቻ አይደለም። መካንነት፣ የእንግዴ ልጅ መዘግየት፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም፣ የጡት ወተት ማነስ፤ የደብተሮቻችን የመድኃኒት መጻሕፍት ራሳቸው ለእነዚህ ቦታ ሰጥተዋል። ማርሴል ግርዮል በ1930፣ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 ያሳተሟቸው ጽሑፎች ዕውቀቱ በብራና መኖሩን ያስረዳሉ። ብራናው ግን የወንድ እጅ ጽሑፍ ነው። የልምድ አዋላጇ የምታውቀው በቃል የቀረ ሲሆን፣ መጠይቅ ይዞ ወደ ገጠር የሚወጣው ተመራማሪም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ወንዱን ባለመድኃኒት ነው።

ጥያቄው ሲቃና ምን እንደሚገኝ ከሌላ አገር ታሪክ መማር ይቻላል። ራይ በተባለው እህል ላይ የሚወጣውን ኤርጎት የተሰኘ ሻጋታ የአውሮፓ አዋላጆች ምጥ ለማፋጠን ከጥንት ይጠቀሙበት ነበር። ጆን ስተርንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1808 ለባልደረቦቹ ሲያስተዋውቀው ሐኪሞች ተሻሙበት፤ ሕፃናት በማኅፀን ሞቱ፤ የእናቶችም ማኅፀን ተቀደደ። በ1824 ዴቪድ ሆሳክ አገልግሎቱ ልጅ ከተወለደ በኋላ ደም ለማቆም ብቻ እንዲሆን አስጠነቀቀ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቻሳር ሞይር በቅርቡ የወለዱ እናቶችን የማኅፀን መኮማተር በመሣሪያ እየለካ ቀጠለበት፣ በ1935ም ኤርጎሜትሪን ተለይቶ ወጣ። ይህ መድኃኒት የብዙ እናቶችን ደም አቁሟል። ልዩነቱን ያመጣው ተክሉ ከእኛ ተክል መብለጡ ሳይሆን፣ መቼ፣ በምን መጠን፣ ለማን፣ በምን ጉዳት የሚሉት ጥያቄዎች መጠየቃቸው ነው።

አንዳንድ ባልደረቦች የአይጥ ሙከራ መቅደም ያለበት እርምጃ ነው፣ ያልታወቀን ነገር ለሴት ሰጥቶ መሞከርም ነውር ነው ይላሉ። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጉዳትን ለማጥናት ለማንም ምንም መስጠት አያስፈልግም። ሴቶች በራሳቸው ፈቃድ ወይም በጭንቀት ጠጥተው ወደ ሆስፒታል ሲመጡ ምን እንደጠጡ፣ ምን ያህል እንደጠጡና ምን እንደደረሰባቸው በሥርዓት መመዝገብ ይበቃል። ይህ መዝገብ ውድ መሣሪያ አይሻም። የሚሻው ሴቲቱ ሳትፈራ እንድትናገር የሚያደርግ ሐኪም ነው። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ፅንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ማስፋቱ ለዚህ በሩን በመጠኑ ከፍቷል።

ጉዳዩ የመጽሔት ክርክር ብቻ እንዳይመስል አኃዙን ማየት ይገባል። በ2000 በተደረገው የሕዝብና የጤና ዳሰሳ ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 412 ወረደ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በዚያው የ2016 ዳሰሳ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የተካሄደው ወሊድ 28 ከመቶ ብቻ ነበር። ቀሪዎቹ እናቶች የወለዱት በቤት ባለው ዕውቀት መካከል ነው፤ ያ ዕውቀት የሚያድነውንም የሚገድለውንም ሳይለይ እንደያዘ።

በስደት ያለነውም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ጤና አዳምና አብሽ በሻንጣም በሱቅም ኮሎምበስ ድረስ ይደርሳሉ። ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ማኅፀንን እንደሚያነሣሣ በሳይንስ ይታወቃል፤ አብሽም የደም ስኳርን ይቀንሳል። ነፍሰ ጡሯ ለሐኪሟ አትነግርም፣ ሐኪሟም ስሙን ስለማያውቅ አይጠይቃትም። በመካከላችን የሥነ ቅመማ ሊቃውንት፣ ሐኪሞችና የቋንቋ ምሁራን አሉ። እስከ ዛሬ የታተመውን ውጤት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ አዘጋጅቶ ለእናቶችና ለአዋላጆች ማድረስ፣ የአገር ቤት ባልደረቦችም የጉዳት መዝገብ እንዲጀምሩ ማገዝ ከአቅማችን በላይ አይደለም። የማኅበረሰብ ዕውቀት መብትን የሚጠብቀው የ2006 አዋጅ ቁጥር 482 ባለዕውቀቱ ከሚገኘው ጥቅም እንዲካፈል ይደነግጋል። ከጥቅሞች ሁሉ የመጀመሪያው ግን ገንዘብ አይደለም፤ የምትጠጣው ነገር ምን እንደሚያደርጋት ማወቅ ነው። ይህን ከእርሷ የተማረው ምርምር ለእርሷ እስኪመልስ ድረስ ፈተናው ተጀምሯል እንጂ አልተፈጸመም።