እሮሮና ደቀ መዝሙርነት፦ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ከምህላ አንጻር ሲነበብ

የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በክፍል ውስጥ በተነበበ ቁጥር ከተማሪዎች የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ለሞት የተዘጋጁ ጳጳስ እመ ብርሃንን እንዴት ይወቅሷታል? እምነታቸው ተናግቶ ነውን?» የሚል ነው። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን ወቀሳው የባለቅኔው እንጂ የጳጳሱ ሊሆን አይችልም፤ ሰማዕት አያማርርም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ወቀሳውን የዘመናዊ ሰው ጥርጣሬ አድርጎ ያደንቀዋል። ሁለቱ ወገኖች የሚቃረኑ ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ እሮሮና እምነት በአንድ ልብ አያድሩም ብለው ይነሣሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መነሻ መመርመር ነው።

አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። ስለ እሳቸው መኰንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ» የተሰኘውን ተውኔት ጽፏል። ጸጋዬም ታሪኩን በተውኔትም በግጥምም ሠርቶበታል። እዚህ የምመለከተው በ1966 ዓ.ም. በታተመው «እሳት ወይ አበባ» ውስጥ የሚገኘውን ግጥም ብቻ ነው።

ገድል እንደ ዘውግ መከራን የሚተርከው ድሉ ከታወቀ በኋላ ነው። ተራኪው ሌላ ሰው ነው፤ ሰማዕቱ አክሊሉን ተቀብሏል፤ ስለዚህ ሥቃዩ የጽናቱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ጸጋዬ ግን ችሎቱንና ተኩሱን ወደ ጎን ትቶ ከሞት በፊት ያለችውን ሰዓት መረጠ። ተናጋሪው ራሳቸው ጳጳሱ ናቸው፤ አድማጯም እመ ብርሃን ናት። በዚያች ሰዓት ስለ ኢትዮጵያ ይወቅሷታል፤ የእረኝነት ዘመናቸውንና እናታቸውን ያነሣሉ፤ ጽናትም ይለምኗታል። የመጻሕፍት መምህር የነበሩት ሰው እዚህ የሚናገሩት በእረኛ ልጅ አማርኛ ነው። የሊቅነታቸው ካባ ተገፎ እናቱን የሚጠራ ልጅ ይቀራል። በእኔ አስተያየት የግጥሙ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህ አነጋገር ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት ወደ ሩቅ አገር ንድፈ ሐሳብ መሄድ አያሻንም። እኔ ያደግሁበት መሐል ሜዳ የመንዝ ጌራ ምድር ከተማ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ ይዘራበታል፤ በግ ይረባበታል። በልግ ሲቀር ወይም ውርጭ እሸቱን ሲመታው ሕዝቡ ምህላ ይይዛል። ካህናቱ እግዚኦታውን ይመራሉ፤ ምእመናኑ እየሰገዱ ይቀበላሉ። ከሥርዓቱ ጎን ለጎን ግን ሌላ ንግግር ይሰማል። ያረጁ እናቶች በቅጽሩ ጥግ ቆመው እመቤታችንን «ምነው ዝም አልሽን? ለማን ትተሽን ነው?» እያሉ ይሟገቷታል። ይህን የሚሉት ጾም የማይሽሩ፣ ኪዳን የማያስታጉሉ ሴቶች ናቸው። በማግሥቱም እዚያው ቅጽር ውስጥ ይገኛሉ። ማንም ሰው ከሃዲዎች ብሏቸው አያውቅም። የጸጋዬ ጴጥሮስ የሚናገሩት በእነዚህ ሴቶች አንደበት ነው።

ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል። በዳኛ ፊት የሚቀርበው ክስ «አቤቱታ» ይባላል፤ በአማርኛው መዝሙረ ዳዊት ፈጣሪ የሚጠራበት ቃልም «አቤቱ» ነው። አቤት የሚል ሰው ዳኛ አለ ብሎ ያምናል፤ ዳኛ የለም ያለ ሰው ወደ ችሎት አይሄድም። ክርስቶስን የሚከተለውን ሰውም «ደቀ መዝሙር» እንለዋለን፤ የመዝሙር ልጅ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ገና በልጅነቱ የሚደግመው ዳዊት ደግሞ ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ስለ ምን ረሳኸኝ የሚል ክርክርም ሞልቶበታል። እንግዲህ የመዝሙር ልጅ እሮሮን የሚማረው ከእምነቱ ውጪ ሳይሆን ከራሱ ከጸሎት መጽሐፉ ነው።

ልዩነቱን ለማጉላት ሌላ ግጥም ላነጻጽር። እዚያው መንዝ በ1909 ዓ.ም. የተወለደው ከበደ ሚካኤል «አዝማሪና የውሃ ሙላት» በሚለው ዝነኛ ግጥሙ አንድ አዝማሪን በሞላ ወንዝ ዳር ያቆመዋል። አዝማሪው ውሃው እንዲጎድልለት ያዜምለታል፤ ውሃው ግን ጆሮ የለውም፤ መንገዱን ይቀጥላል። አዝማሪውም ጴጥሮስም ከአቅማቸው በላይ በሆነ ኃይል ፊት ቆመው የሚናገሩ ናቸው። ሆኖም አዝማሪው የሚናገረው ለራሱ ለጎርፉ ነው፤ እሱንም ያሞግሰዋል። ጴጥሮስ ለጎርፉ፣ ማለትም ለገዳዮቻቸው፣ አንዲት የልመና ቃል አያወጡም። የሚናገሩት ትሰማኛለች ለሚሏት ነው፤ ስለሚያምኗትም አያቆላምጧትም፤ ይወቅሷታል። በሁለቱ ግጥሞች መካከል ያለው ርቀት በውዳሴ ከንቱና በጸሎት መካከል ያለው ርቀት ነው።

በእርግጥ ግጥሙ አንድ አስቸጋሪ ጎን አለው። ኢትዮጵያና እምነት እጅግ ተጣብቀው ስለቀረቡ የቱ ላይ አርበኛው አቁሞ የቱ ላይ መነኩሴው እንደሚጀምር መለየት ያዳግታል። ብዙ አንባቢ ግጥሙን እንደ አገር ፍቅር ግጥም ብቻ የሚያነበውም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ሲነበብ ግን እመ ብርሃን የንግግር ማሳመሪያ ብቻ ትሆናለች፤ ግጥሙም አድማጩን ያጣል።

ጉዳዩ የክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ድረስ ዘልቆ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። መከራ የደረሰበትን ሰው «አታማር፤ እምነት ዝምታ ነው» ብንለው ከንብረቱ በላይ ቃሉንም እንነጥቀዋለን። ትዕግሥት ማለት አፍን መዝጋት ሳይሆን እየተሟገቱም ቢሆን ከቅጽሩ አለመውጣት ነው። ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት ወቀሱ፤ ግን አልሄዱም። ተማሪዎቻችን ግጥሙን ሲያጠኑ ከወቀሳው ቀጥለው ይህን አለመሄድ እንዲመለከቱ ማድረግ የእኛ የመምህራን ድርሻ ይመስለኛል።