ቾርባን በፖርቹጋልኛ ማሠራት

ከሮማኒያኛ ወደ ፖርቹጋልኛ የምግብ ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው ከፈለጉ፣ ዲፕሎማውን ለጊዜው ወደ ጎን ይተዉትና አንድ የቾርባ አሠራር ይስጡት። ቾርባ ሮማኒያውያን የሚወዱት ኮምጣጣ ሾርባ ነው፤ ተርጓሚውም የሚፈተነው በማኮምጠጫው ላይ ነው።

አሠራሩ «አንድ ሊትር ቦርሽ ይጨመር» ይላል እንበል። ደካማው ተርጓሚ የዩክሬኑ የቀይ ሥር ሾርባ ትዝ ይለውና ሾርባ ላይ ሾርባ ያስጨምራል። እዚህ ግን ቦርሽ ማለት የስንዴ ፉርሽካ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ እንደ ጠላ ጥንስስ ቀናት ቆይቶ ሲደርስ የሚጠለል ኮምጣጣ ፈሳሽ ነው። ፖርቶ ያለች ባለሙያ ከሰፈሯ ሱቅ ላታገኘው ትችላለች። ጥሩ ተርጓሚ ምንነቱን ባጭሩ ያስረዳና በምትኩ ሎሚ ይጠቁማል፤ አንድ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ብሎ ግን አይጽፍም (እንዲህ የሚጽፍ አይጠፋም)። የጎደለውን በውሃ ወይም በመረቅ አሟልቶ፣ ሎሚው እየተቀመሰ ጠብ እንዲል ያደርጋል። ቦርሹ ለብቻው ፈልቶ መጨረሻ ላይ እንደሚገባ አሠራሩ ከጠቀሰም፣ ዐረፍተ ነገር ለማሳመር ብሎ ቅደም ተከተሉን አይነካም።

ሥራውን ሳይጀምር «አንባቢው ፖርቹጋል ነው ወይስ ብራዚል?» ብሎ የማይጠይቀውን እኔ አልቀጥርም። የበቆሎ ገንፎውን ማማሊጋን ይውሰዱ። የሊዝበን ሰው ዱቄቱን «ፋሪኛ ዲ ሚልዮ» ይለዋል። በብራዚል ግን ይህ ስም ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ቅርፊት መሰል የበሰለ በቆሎ ነው፤ ለገንፎው የሚሆነው ደቃቁ ዱቄት «ፉባ» ይባላል። እርሾም እንዲሁ ነው፦ ፖርቹጋልኛው «ፈርሜንቶ» የዳቦ እርሾንም ቤኪንግ ፓውደርንም ስለሚጠራ፣ ለበዓል የሚጋገረው ዳቦ ኮዞናክ ሳይነሳ እንዳይቀር የትኛው እንደሆነ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

የታሸገ ምግብ መለያ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1169/2011 መሠረት አለርጂ የሚያስነሱ 14 ዓይነት ምግቦች በግብዓት ዝርዝሩ ውስጥ ጎልተው መታየት አለባቸው። ሰለሪ አንዱ ነው። የሮማኒያ ማእድ ቤት ደግሞ የሰለሪን ሥር ሾርባ ውስጥ ይወዳል። በዋናው ላይ የደመቀውን ቃል በትርጉሙ ያላደመቀ ተርጓሚ የወጥ አሠራር ይሞክር እንጂ መለያ አይሰጠውም።