ከሽጉጡ ይልቅ መሪውን የጨበጡ
በ1951 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ኬን ያዘጋጀው «ፋይቲንግ ኮስት ጋርድ» የሚደነቀው፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊልሞች እምብዛም ትኩረት ያልሰጧቸውን የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ባለታሪክ ስላደረገ ነው። ብራያን ዶንሌቪና ፎረስት ተከር ኤላ ሬይንስን ለማግኘት የሚያደርጉት ፉክክር ጦርነቱን ያቃልለዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ለእኔ ግን የፊልሙ ጉልበት ያለው እዚያው ላይ ነው፤ የማይዋደዱ ሰዎች ሕይወታቸውን እርስ በርስ አደራ የሚሰጣጡት በፍቅር ሳይሆን በግዴታ መሆኑን ያሳያል።

ግዴታው ደግሞ የፊልም ጸሐፊ ፈጠራ አይደለም። ማረፊያ ጀልባ የሚነዳ ሰው ወታደር አራግፎ ከመመለስ አልፎ፣ የተከበበውን ሊያወጣ ተመልሶ ወደ ጥይቱ ይገባል። መስከረም 27 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ዳግላስ መንሮ በጓዳልካናል የተከበቡ የባሕር ኃይል እግረኞችን ሲያስወጣ፣ ጀልባውን በእነሱና በጃፓን መትረየስ መካከል አቁሞ ሞቷል። ለእንዲህ ያለ ሥራ አንድ ፊልም ቢያንስበት እንጂ በቂ ነው አይባልም ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው፦ ይህኛው ቢያንስ ጀምሮታል።