የሾተሉ ሠሪ ማን ነው?

ውጫሌ ሲነሣ የሚታወሰን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል፣ በተለይም በአማርኛና በጣልያንኛ የተለያየ ትርጉም የያዘው አንቀጽ 17 ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያም ወዲህ ከመኳንንቱ ወገብ የማይለየው ጎራዴም በራሱ መንገድ ሁለት አፍ ነበረው። ስለቱ ላይ ፊደላችንና የይሁዳ አንበሳ ተቀርጸው ይታያሉ፤ ብረቱ ግን ብዙ ጊዜ የአውሮፓ ፋብሪካ ሥራ ነው። የአገሬው እጅ የሚታየው ከአውራሪስ ቀንድ በተበጀው እጀታና በቆዳው ሰገባ ላይ ነው።

ሾተል ከዚህ ይለያል። እንደ ማጭድ የጎበጠው፣ በሁለት ወገን የተሳለው ይህ ሰይፍ የባላጋራን ጋሻ ዞሮ እንዲወጋ የታሰበ ነው፤ ውበቱም ከዚሁ ተግባሩ የፈለቀ ነው። ዛሬ ለጎብኚ የሚሸጠው አብረቅራቂ ሾተል፣ እኔ እንዳየሁት፣ ጉብጠቱን ይዞ ሚዛኑን የጣለ ቆርቆሮ ነው። ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እጅ ግን አይሞላም።

በጃፓን ሰይፍ ታጥቆ መውጣት እ.ኤ.አ. በ1876 ተከለከለ፤ ጥበቡ ግን እስከ ዛሬ ዘልቋል። ሠሪው ስሙን እጀታው በሚሸፍነው የብረቱ ጭራ ላይ ይቀርጻል፤ ሰብሳቢውም እጀታውን አውልቆ ያነበዋል። የእኛ ቀጥቃጭ በአንጻሩ «ቡዳ» ተባለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ያም ሆኖ በየማሳያ ሣጥኑ ሥር የምናነበው፣ ስም ከተጻፈ፣ የታጣቂውን እንጂ የሠሪውን አይደለም።

የወሎ ቀጥቃጮች ማረሻና ማጭድ መቀጥቀጣቸውን አልተዉም። ዐውደ ርእይ አዘጋጆች ከእነርሱ ሾተል ሲያሠሩ፣ ከዋጋው በፊት ስማቸውን ይጠይቁ፤ ከእጀታውም ሥር ያስቀርጹ።